አንገት ያልለመደ

መብራት ከሄደብን ሦስተኛው ቀን ነጋ፤
ማሽኔ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል እንደ ሥጋ።
ደንበኛ ይመጣል፣ ጢሙን እያሸ ያየኛል፣
«ዛሬም የለም?» ብሎ ሳይቀመጥ ይሄዳል።
የሱቋ ምላጭም፣ በወረቀት ያለች፣
አንዱን ጉንጭ ላጭታ ሌላውን ነጨች።

ሸዋ በር ያለውን ሱቄን ቆለፍኩና
ሰኞ ገበያ ሄድኩ በማለዳው ጭቃ፣
ጦሳ ጉም ተከናንቦ ገና ሳይነቃ።
ከብረት ተራው ጫፍ፣ ከጨው ሻጮች ማዶ፣
ጦይብ ተቀምጧል ከኩታበር ወርዶ።
በማዳበሪያ ላይ ሦስት ምላጭ አጋድሟል፣
አጠገባቸው ደግሞ ባዶ ቦታ ትቷል፤
«ያራተኛው ነው» አለኝ፣ «ትናንት ተሸጧል።»

ሦስቱም በፊት ሌላ፣ ሦስቱም አሮጌ ናቸው፤
መዶሻ የወለዳቸው፣ ፋብሪካ የማያውቃቸው።
ጦይብ እንደገና እሳት ላይ አግሎ፣
አቅጥኖ፣ አቀዝቅዞ፣ በድንጋይ ላይ ስሎ፣
በበሬ ቀንድ እጀታ አጥፏቸዋል አስተካክሎ።

«ይህ የበግ መቀስ ነው፣ ከደላንታ የመጣ፤
ስንት ባና መሰለህ በሱ አፍ የወጣ!»
በጥፍሬ ጫፍ መትቼ ባዳምጠው ድምፁን
እንደ ነቃ ገንቦ ነገረኝ ጉዱን።

ሁለተኛው፣ ወላሂ፣ ዓይን ይወስዳል፤
ሰማያዊ ነው ብረቱ፣ ውሃ መስሎ ይሄዳል።
«ጎራዴ ነው» አለኝ ጦይብ ድምፁን ቀንሶ፣
«የባላባት ነበር። የልጅ ልጁ ደርሶ
በኪሎ ሸጠልኝ፤ ሚዛኔን አላምን ብሎ፣ አስመዝኖ መልሶ።»
«ስንት?»
«አንድ ሺህ ስድስት መቶ።»
«ኧረ ጦይብ፣ ተው!»
«ምን ተው ትላለህ፣ ስንት አንገት ያየ ስለት ነው!»

ይቺን ቃል ሲናገር መዳፌ ቀዘቀዘ፤
ብረቱ ግን አልበረደም፤ እንደ ሞቀ ነው እጄን የያዘ።

እንጀራዬ ምንድን ነው? የማላውቀው ሰው ይመጣል፣
ኮቱን ይሰቅላል፣ ወንበሬ ላይ ይጋደማል፣
አገጩን ቀና አድርጎ ዓይኑን ይከድናል።
የሲኖ ትራክ ሹፌር፣ የሐይቅ ዓሣ ነጋዴ፣
ሙሽራ፣ ለቀስተኛ፣ በዱቤ የሚላጭ ዘመዴ፣
ሁሉም እዚህች ጋ፣ ከመንጋጋው በታች፣
አንዲት ሥር አለችው፣ እንደ ጫጩት ልብ የፈራች።
ከዚያ ክፉ ጥቅምት፣ ከተማዋ ባዶ ከቀረች
ወዲህ ደግሞ ይቺ ሥር ቶሎ ትደነግጣለች።
እሷ ላይ እንዴት ላሳርፈው፣ እንዴት ልልቀቀው፣
እኔ ባላውቅ እንኳ መንገዱን እሱ ቢያውቀው?
«መልሰው» አልኩት። «ግድግዳ ላለው ሰው ሽጠው።»

ሦስተኛውን ሲያሳየኝ ጦይብ ራሱ አፈረ፤
አጭር ነው፣ ጥቁር ነው፣ ምኑም ያላማረ።
«ማጭድ ነበር» አለ፣ ጎኑን እያሻሸ፣
«ገብስ አጭዶ አጭዶ ብረቱ የሸሸ።
የእናቴ፣ የቢርቄ። ስትሞት ወንድሞቼ መሬቱን ተካፈሉ፤
እኔ ይህን ወሰድኩ። ‹ለቀጥቃጭ ብረት ይበቃዋል› አሉ።»

ወደ ፀሐይ አዞርኩት። ከጀርባው በኩል
ሞረድ የረሳው ጥርስ አለ፣ ሰባት፣ ሕፃን አፍ ውስጥ እንደሚበቅል።
ክንዴ ላይ ሞከርኩት፤ ፀጉሬ ሳይሰማኝ ወደቀ፣
ጎንበስ ብላ እንደምታጭድ ሴት፣ ሥሩን እየጠበቀ።

«ስንት ትላለህ?»
«አንተስ ስንት ትላለህ?»
«ስድስት መቶ።»
«ሰባት መቶ ሃምሳ። የእናቴ ነው እኮ እያልኩህ።»
«ስድስት ተኩል።» ዝም አለ። ብሩን ቆጠርኩ። ተቀበለ።
አጥፎ ሊሰጠኝ ሲል እጁ ዘገየና፣
«ለጢም ብቻ ነው?» አለ።
«ለጢም ብቻ።»

ሰኞን ሳይጠብቅ፣ ሐሙስ መጣ ጦይብ ራሱ፤
የከሰል ትቢያ ነው ጢሙም ልብሱም እሱ።
ሳሙና ቀባሁት። አገጩን ቀና አደረገ፤
ዓይኑን ግን አልከደነም፤ መስታወቱ ውስጥ አንድ ነገር ፈለገ።
መሀል ላይ መብራት መጣ፤
ማሽኔ ሚስማሩ ላይ አጉረመረመ፤
ማንም ዞሮ አላየውም።

ምላጩ ሲወርድ ትንሽ ወደ ግራ ሳበ፤
«ከእጄ ይሆን?» አልኩት። ጥቂት አሰበ።
ከጣቴ ሥር ያቺ ሥር ምት፣ ምት አለች።
«ካንተ አይደለም» አለ፣
«እሷ ግራኝ ነበረች።»