በሩን ይዞ የመጣ

ሮዛሪዮ ከተማ፣ ከፓራና ወንዝ ዳር፣
የሆስፒታል ሌሊት፣ የማይተኛ ኮሪደር።
ኔሊዳ ቀና አለች፤ ኦስማር በሩ ላይ ነው፣
የኤሊሴዮ ልደት ጭስ ጃኬቱን ያልለቀቀው።

«አራት ሻማ እፍ ብሎ፣ በላ እየሳቀ፤
በሦስተኛው ቀን ደም አስቀመጠው፣ ወደቀ።
እኔ ነኝ የጠበስኩት፣ በእጄ፣ ከፍሙ ላይ፤
ጠቁሮ ነበር ላዩ፣ ደህና ነበር ሲታይ።
መሃሉ ግን…» አለና ዝም። መሃሉ ቀይ ነበር።
«በየት ገባ ንገሪኝ? ክፍት ትቼ የቱን በር?»

ሙዳ ሥጋ ቢሆን እሳት ላዩን ልሶ
ይገላግል ነበር። ወፍጮው ግን ጨርሶ
ላዩን ውስጥ ከተተው።
ይህን አልነገረችውም። ወረቀት ለመነችው።

ከኪሱ አንድ ብጣሽ አውጥቶ ዘረጋላት፤
በጀርባው የአንጀትን ገላ ሳለችለት፣
እንደ ስጋጃ ፀጉር እልፍ ጣት የቆመበት።

«ይኸው የልጅህ ደጅ፤ አጥር አለው፣ ንፍጡ፤
ዘብ አለው። ተውሳኩ ሲደርስ ግን ከውስጡ
የሚጨብጠው አጣ፤ ግድግዳው ሙልጭ ያለ።
ሌባ ቁልፍ ይሰርቃል፤ ይሄ ግን ምን አለ?
እንደ ሸምበቆ ቀጭን፣ ክፍት ነው የሱ መርፌ፤
‹እጀታዬን› አለ፣ ‹ልትከል ቆዳውን አልፌ።›
ላከው። እጀታውም ከልጅህ ሕዋስ ላይ ወጣ፤
ያንኑ የራሱን ጨብጦ፣ መቆሚያ መች አጣ!
ሕዋሱም፣ ያ የዋህ፣ ጣቶቹን አፍርሶ፣
በገዛ ማገሩ፣ በምሰሶው፣ መልሶ
መደብ ሠራለት፤ ከፍ አድርጎ አስቀመጠው።
በር አልረሳህም፣ ኦስማር። በሩን ይዞ ነው የመጣው።»

ሰውየው ዝም አለ። ከዚያ፣ «መድኃኒት ስጡታ!»
«ሲገደል መርዙን ነው የሚተፋው ባንዳፍታ።
ኩላሊቱ ደክሟል፤ ማሽኑ እያገዘው ነው።
መጠበቅ ነው።» አለችና እጇን ታጠበችው፣
ሁለት ጊዜ።

በአሥረኛው ቀን ንጋት ነርሷ ዴልፊና ሮጠች፤
ከኤሊሴዮ ቱቦ ያገኘችውን ይዛ መጣች፦
ሦስት ማንኪያ ሽንት።
እንዲህ ያለ ቢጫ ማንም አላየ፣ ድንገት።
ኦስማር ሳቀ፣ አለቀሰ፣ ፊቱን ሸፈነበት
በዚያች ብጣሽ ወረቀት።

ሥዕሉ ወደ እሱ ነው፤ ፊተኛው ገጽ ግን ወደ ኔሊዳ ዞሯል፤
የሥጋ ቤት ደረሰኝ፦ «ሁለት ኪሎ፣ ተፈጭቷል።»