ጨርቁ ሲይዝ

(ቺያቱራ፣ ጆርጂያ)

ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ገመድ ሰማሁ፣
ሲያፏጭ፣ ሲያንጎራጉር፤ ጠባዩን አወቅሁ።
ከገደል እስከ ገደል፣ ከጣቢያ እስከ ጣቢያ፣
ስለ ብረት እንጂ ስለ ሰው መንገሪያ
ቃል አልነበረኝም።

ኬቴቫን የመጣች በጭቃው ወር ነበር፣
የወንድ ቱታ ለብሳ፣ እጀታው ተሰብስቦ በክር፤
ገና ቀለሙ ያልደረቀ የከተማ ዲግሪ፣
«ልማር ነው የመጣሁ፤ እሜቴ፣ ጀምሪ።»

እውነቱን ልናገር፤ አልወደድኳትም።
እኔን ማን አሳየኝ? ማንም። ማንም የለም።
እዚህ ማማ ስወጣ፣ ያኔ፣ በሃያ ሦስት ዓመቴ፣
መሰላሉን ነቅለው እስኪመሽ ሳቁብኝ፤ ቀረሁ ከነፍርሃቴ።
«ሻይ አፍዪ» ያሉኝ፣ ስሌቴን ወስደው ስማቸውን የጻፉ፣
ግማሾቹ መቃብር፣ ግማሾቹ ጡረታ፤ ሁሉም አለፉ።
እኔ ግን ያን ብርድ እንደ ርስት ቆጥሬ፣
ለዚች ልጅ ላወርሳት ተነሣሁ ጠንክሬ።

ስለዚህ ጨርቅ ሰጠኋት። ቃል አልጨመርኩበት፤
ያረጀ የጥጥ ጨርቅ፣ ከአንሶላ የቀደድኩት።
«በጥገናው ቅርጫት ተቀምጠሽ ስትሄጂ፣
ገመዱን ጨብጪበት፤ ሲይዝሽ ቁሚ፤ እጅሽን ጠብቂ እንጂ።»
«ከያዘስ?» «ቁጠሪ።» «ስንት ሲሆን ይበቃል?»
«እሱን መጽሐፉ ያውቃል።»
«አንቺስ የምታውቂው?» ስትል ግን ደነገጥኩ፤
ማንም ጠይቆኝ አያውቅ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመኝ!
ከዝናብ በኋላ ድምፁ እንደሚወፍር፣
መዘውር ሲያረጅ አቧራ እንደ ቃመ ሽማግሌ እንደሚያስል፣
የደመወዝ ወረቀትን ሳያነቡ እንደማይፈረም፣
በስብሰባ ላይ ከበሩ አጠገብ ሳይሆን ከመሐል እንዲቀመጡ።
(ይህን የመጨረሻውን እኔ ራሴ አድርጌው አላውቅም።)

በየካቲት አንድ ቀን፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ማማ መካከል፣
ጨርቋ ያዘ። ቆመች። መልሳ ዳበሰች። «ማክቫላ፣ እዪው» ስትል
ተጠጋሁ። አንድ፣ ሁለት... ዘጠኝ የተበጠሱ፣
እንደ ጃርት ወስፌ ወደ ላይ የተነሡ።
ያ ስፍራ የኔ ነው። በጥር ፈትሼው፣
«ደህና» ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ ዘግቼው።
በብርዱ ላሳብብ? በጭጋጉ ላሳብብ?
ዐይኔ ነው። ካለፈው መኸር ጀምሮ ፊደል ይሸሸኛል ሳነብ።

ልላት የቃጣኝ ቃል ምላሴ ጫፍ ነበር፦
«ዝገት ነው፣ ልጅ ነሽ፤ አይነሣ ይህ ነገር።»
እነዚያ ሰዎች ሁሉ፣ መሰላል የነቀሉ፣ ስሌት የሰረቁ፣
በገዛ አፌ ገብተው ሊናገሩ ሲሉ፣ ጥርሴ ላይ ደረቁ።

ጣቢያው ስንመለስ «ቆልፊው» አልኳት፤ ማብሪያውን ቆለፈች፤
ሣጥኗ ከነወንበሯ ጨለማ ውስጥ ቀረች።
የማታው ፈረቃ፣ አርባ ሰው፣ በረዶ ላይ ቆሞ፣
ተራራውን በእግር ሊወጣ ነው፤ ይሰድበናል ደግሞ።
ሥራ አስኪያጁ ዙራብ እየሮጠ መጣ፣
አልፏት ወደ እኔ ዞረ፣ ፊቱ ሙሉ ቁጣ፦
«ማክቫላ፣ እውነት ነው? ምን ትላለች ይህች?»
አጠገቡ እኮ ናት፤ እስትንፋሷ እየነካው የቆመች።

ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ጥያቄ ጠበቅሁ፣
ለእኔ እንዲቀርብልኝ። ሲቀርብልኝ ግን ጓንቴን አወለቅሁ፣
እስክሪብቶዬን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት፤
«መሐንዲሷ እሷ ናት» አልኩት፣ «እሷን ጠይቃት።»

ድምጿ በመጀመሪያው ቃል ተንቀጠቀጠ፤ በሁለተኛው ቆመ።
ዘጠኙን ቆጠረች። ቦታውን። ቀኑን። በጥር ማን እንደ ፈረመ።
ስሜን አልዘለለችም።
አመመኝ። ደስም አለኝ። የትኛው እንደ በለጠ ዛሬም አልለየሁም።

ማታ፣ ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ ጨርቁን አጥፋ ዘረጋችልኝ፤
«ያዢው» አልኳት፤ «እኔ ነገ መነጽር ልገዛ ነው፤ አንቺ ምረጪልኝ።»