አሸዋ በሃይላንድ

ደብረ ብርሃን፣ ጧት፣ ከአዳራሹ በራፍ
ሁለት መቶ ሆነን ቆመናል በሰልፍ፤
መታወቂያ በእጅ፣ እርሳስ በኪስ ጫፍ፣
ትንፋሻችን እንደ ጭስ ሲወጣ ከአፍ።

ባለፈው ዓመትም እዚሁ ቆሜያለሁ፤
መጽሐፍ ሙሉ ሸምድጄ መጥቼ፣ ወድቄ ሄጃለሁ።

ከዚያ አሥራ አራት ወር፣ መንዝ፣ መሐል ሜዳ፣
ነጭ ቆብ የደፋሁ የጭቃ እንግዳ።
“ኢንጂነር” ይሉኛል ሁሉም፤ ፎርማኑ አጎናፍር ብቻ
“አንቺ ልጅ” ይለኛል፣ ቦቲው እስከ ጉልበት ኮትቻ።

“ጀምሩ” አለ ፈታኙ።
ጥያቄ አሥራ ሰባት፤ ስለ አሸዋ ደለል፤
አራት ምርጫ፣ አራቱም እውነት የሚመስል።
ዓይኔ ግን ከወረቀቱ ሸሽቶ ሄደ፣
ጣርማ በርን አልፎ፣ ጉሙን እየቀደደ።

ሲኖትራኩ ያን ቀን አሸዋ ደፋ፤ ሹፌሩ ወረቀት ዘረጋ፤
“ንጹሕ ነው፣ የወንዝ ነው፣ ፈርሚልኝ፣ ልሂድ ዝናቡ ሳይጠጋ።”
አጎናፍር ባዶ ሃይላንድ ከመሬት አንሥቶ
እፍኝ አሸዋ፣ ውሃ፣ ከምሳ ዕቃው ቁንጥር ጨው ከትቶ
ናጠው፣ ናጠው፤ ከድንጋይ ላይ አቆመው።
“ጠብቂ” አለኝ።
“እስከ መቼ?”
“ውሃው እስኪናዘዝ።”
ሁለት ሰዓት ቆምን፤ ሹፌሩ ሲሳደብ፣ እግሬ ሲደነዝዝ።
ከአሸዋው በላይ ጭቃው ረጋ፣ ጣት የሚያህል ሽፋን፤
“ይኼ ሲሚንቶ ይበላል” አለው፤ “ወስደህ እርሻህ ላይ በትን።”

አሥራ ሰባትን አጠቆርኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ጥያቄ ሃያ ስድስት፤ ኮንክሪት በውርጭ ሌሊት።
ይኼንን ባልጠየቁኝ ምን ነበረበት።

እሱ ለቀብር ሞላሌ ሄዶ፣ እኔ ብቻዬን ሳለሁ
“ፕሮግራም ሊያልፈን ነው” ብዬ የቱቦውን ግድግዳ በማታ ሞላሁ።
ገለባም ጆንያም አላለበስኩ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤
ለካ ጥርት ያለ ሰማይ ነው ውርጭን የሚያሳድር።
ጧት ጥሩአየሁ፣ አሸዋ ተሸካሚዋ፣ ጥፍሯን አሳረፈችበት፤
ቡን ብሎ ረገፈ፣ ማንም ሳይነካው በብረት።
“በሶ ነው እንዴ ያቦካሽው?” አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።
አጎናፍር ሲመለስ መዶሻ አቀበለኝ። አንድ ቃል አልጨመረም።
ሦስት ቀን አፈረስኩ፤ መዳፌ ውሃ ቋጠረ፤
ዛሬ እርሳስ የያዘው ያው እጅ ነው፣ ጠባሳው እንደ ነበረ።

ሜዳው ሁሉን ያስተምራል ግን አልልም።
ጥያቄ አርባ አንድ፤ ስለ ውል፣ ስለ ካሳ፣ ስለ ቀን ማራዘሚያ፤
ውሉን አንድ ቀን አላየሁት፤ ሥራ አስኪያጁ ቆልፎት ከመሳቢያ።
አጎናፍርን በልቤ ጠራሁት፤ ዝም አለ።
ደመወዙን በጣት አሻራ የሚቀበል፣
ይኼን አዳራሽ ከቶ የማይረግጥ ሰው ምን ሊል!
እናም ገመትኩ፤ “ለ” አልኩ፤ በመገመቴ አፈርኩ፤
ጀነሬተሩ ሳይጠፋ ማታ ማታ ያልገለጥኳቸውን ገጾች ቆጠርኩ።

ውጤቱ “ይለጠፋል” ተባለ፤ መቼ እንደሆን አልነገሩን።
መናኸሪያ ወርጄ የመሐል ሜዳን መኪና ያዝኩ፤ ጉም ዋጠን።
ስልኬ ጮኸ፤ አጎናፍር ነው፤ ስለ ፈተናው አልጠየቀኝም፤
“ሌሊት ጎርፍ መጣ፤ ሁለተኛው ግድግዳሽ ንቅንቅ አላለም”
ብሎ ዘጋው።

ከጣርማ በር መታጠፊያ መኪናው ቆም ሲል
ከመስኮቱ ሥር ሕፃናት፦ “ሃይላንድ! ሃይላንድ!” ሲል አንዱ ከአንዱ ሊቀድም ሲታገል፣
ውሃዬን ጨልጬ ባዶውን ያዝኩት፤
አንዲት ልጅ እጇን ዘረጋች፤
ብር ሰጠኋት እንጂ እሱን አልሰጠኋት።

ነገ ጧት አሸዋ ይራገፋል።