ልዩ ምልክት

ከፒያሳ ወረድ ብሎ፣ ከፎቁ ደረጃ ሥር፣
ሃያ ሦስት ዓመቴ ፊት ሳርም፣ ፊት ስደረድር፤
ዱሮ በቀጭን ብሩሽ፣ ዛሬ በኮምፒውተር፣
የጎንደርን ሰው ጉንጭ ነጥብ በነጥብ ስቆጥር።

ማድያትን አውቀዋለሁ፣ ካርታ ሆኖ ይተኛል፣
ከእርግዝና ጋር መጥቶ መሄዱን ይረሳል።
"አደብዝዘው በሞቴ፣ የልጄ ሰርግ ነው" አለችኝ
ያዘዞዋ ወይዘሮ ስንዱ፤ ሃምሳ ብር አስጨበጠችኝ።

ቋቁቻም አይሰወረኝ፣ አንገት ላይ ያመዳል፣
በቅባት ተሸንፎ በላብ ይመለሳል።
የብጉር ጠባሳ ጉድጓድ ነው፣ ጥላ ያጠራቅማል፣
መብራት ከጎን ሲመጣ ያለፈውን ያወራል።
ማርያም የሳመችውን ግን ማን ደፍሮ ይነካል?
አንዲት ናት፣ ጥቁር ናት፤
በጋ ከክረምት ያው ናት፤
ፊቱ ያልተለየ ሰው ምስክሩ እሷው ናት።
እሷን እተዋታለሁ።

በሚያዝያ ግለት አንዲት ልጅ ገባች፣
ትርንጎ ትባላለች፣
ከቀሃ ሽቅብ በእግሯ፣ ለመታወቂያ ፎቶ።
ቀይ ናት፤ ከጉንጭ እስከ ጉንጭ፣ አፍንጫዋን ተሻግሮ፣
ጠቃጠቆ ተዘርቷል፣
ሰርገኛ ጤፍ የመሰለ፣ በነፋስ ተበጥሮ።

አልጠየቅኋትም። እጄ እንደለመደው
እንደ ምስር ጠጠር አንድ በአንድ ለቀመው።
ስልሳ ላይ ቆጠራው ጠፋኝ።
ፊቷ ጠራ፤ ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን መጣች፣ ፎቶውን ይዛ እየሳቀች፤
"የቀበሌው ጸሐፊ ‘የእህትሽ ነው?’ አለኝ" አለች።
"ይኼ እኮ አያሳክክም፣ አይላጥም፣ አያብጥም፤
ቁስል ትቶልኝ አልሄደም፣ ቅባትም አይገባውም።
የአባቴ ነው። ፀሐይ ሲነካው ይደምቃል፤
ሐምሌ ደመናው ሲወርድ ግማሹ ራሱ ይጠፋል፤
ጥቅምት ላይ ደግሞ ይመለሳል።
ምን አስቸኮለህ ጋሼ፣
የክረምቱን ሥራ ከክረምቱ ልትሻማ?"

ዋናውን ፋይል ፈልጌ ሁሉንም መለስኩላት።
አንዷን፣ ከዓይኗ ሥር፣ የስክሪን አቧራ መስላኝ
በእጅጌዬ ጠረግኋት፤
ደግሜ ጠረግኋት፤
አልሄደችም። የሷው ናት።

ሐምሌ ገባ። ቆርቆሮው ይንጫጫል፤ ደንበኛ የለም።
የእጄን ጀርባ አየሁ፤ ሁለት ነጥብ፣ ሦስትም፣
የሽምግልና ዝገት።
መብራቱን አጠፋሁና በመስኮቱ ብርሃን
ዝናቡን ጠበቅሁላቸው።

ዝናቡ አባራ።
እነሱ ግን አሉ።