አምስተኛው ብሎን

ሸምሱ፣ ና ወዲህ። ትራፓኖውን ተው፤
መጀመሪያ ስማኝ፣ ከዚያ ትበሳለህ።
ይህን ፍሪጅ አይተህ ዕቃ ነው ትላለህ፤
ቆሞ ሲታይማ ጨዋ ነው፣ ዝም ያለ፣
እንደ ሰርግ ሽማግሌ ጥግ ይዞ የዋለ።
ዘጠና ኪሎ ነው፣ ያውም ባዶ ሳለ።

ሥጋው ሲታጨቅበት፣ ውሃው ሲደረደር፣
ካራቫኑ ደግሞ በአስፋልቱ ሲበር፣
ግመል ገባ ብሎ ሹፌር ፍሬን ይይዛል፤
መኪናው ይቆማል፣ ፍሪጁ ይጓዛል፤
ቁም ያለው የለማ፣ ማንን ይታዘዛል?

ቢጁ የሰጠንን ፕላን ተመልከተው፤
አራት ብሎን ይላል፣ አራት ማዕዘን ላይ።
ከግርጌው በቀይ ቀለም አንዲት መስመር አለች፦
«በጉዞ ላይ ሳለ ሰው አይገባበትም።»
እኔም አምኛት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ
እዚሁ ሰጃዓ፣ እዚሁ ጋራዥ ውስጥ
አጭር ቪቴ ይዤ በኮምፖርሳቶ ሳጣብቅ፣
ቢወድቅስ ማን ላይ ስል፣ ሰው እንደሌለ ሳውቅ።

አምና ጥር ላይ ነው። ከሊዋ የመጣ
አንድ ካራቫን ገባ፣ ፍሪጁ የወጣ፤
አራቱም ቪቴዎች እንጨቱን ቦጭቀው
እንደ ወተት ጥርስ ተንጠልጥለው ነበር።

ውስጥ አንዲት ሴት አለች።
አንድ እግሯን ዘርግታ፣ በሌላው ተደግፋ፣
ስባሪ ብርጭቆ ከምንጣፍ ትለቅማለች።
«ወይኔ ጣቴን!» ስትል ቋንቋዋን ለየሁት።
ከሐርቡ ናት። ስሟን ሰዓዳ አለችኝ።
የት ነበርሽ? ስላት፣ አግዳሚውን ወንበር
በአገጯ አሳየችኝ፣ ከፍሪጁ ትይዩ።

«ልጁ ጭኔ ላይ ተኝቶ ነበረ፤
እንዳልነሳ ብዬ።
ሲመጣ አየሁት። መጣ፣ መጣ፣ መጣና
ጉልበቴ ላይ ቆመ።
ልጁን አልነካውም፣ አልሐምዱሊላህ።
ብርጭቆው ነው እንጂ… አሥራ አንድ ሆነ መሰለኝ።»

መዳም በሩ ላይ ቆማ ስብሩን ትቆጥራለች።
ጉልበት የቆጠረ አላየሁም እኔ።

ፕላኑ ልክ ነው፤ ሕጉም ልክ ነው፣ ሸምሱ።
ሰዓዳ ግን ገብታለች።

እና እንግዲህ እንዲህ ነው፦ ኮምፖርሳቶ አትመን፤
ከወለሉ በታች ላሜራ እንጥላለን፣
ብሎኑ እስከ ሻሲው ዘልቆ እንዲያዝልን።
ሮንዴላ አትርሳ። ዳዶውን በዳዶ ቆልፈው፤
መንገዱ ሲያንገጫግጨው ተሽከርክሮ እንዳይፈታው።
ከላይ ቀበቶ፣ ከግድግዳው አጥንት፤
በሩም መቀርቀሪያ፣ የዋጠውን እንዳይተፋ።
ልብስ ማጠቢያውን ደግሞ ወደ ጎማው አስጠጋ፣
ዝቅ ይበል፤ ከበሮውንም በጉዞ ብሎኑ እሰረው።

አምስተኛው ብሎን ከፊት ነው፣ በወንበሩ በኩል፤
ክርን በሚመስል ብረት፣ ከፍሪጁ እግር ሥር።
ቢጁ መጥቶ አየና «ለምን አምስት?» አለኝ።
ፕላኑ ሰው ጎደለው፣ አልኩት።
ትከሻውን ሰበቀ። ብሎኑ ሁለት ድርሃም ነው፤
ከራሴ ኪስ ነው።

ሲያልቅ በትከሻህ ግፋው፣ ከነኩርፊያህ ግፋው።
ከዚያ ሄደህ እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጥ፤
እግርህን ዘርጋ።
ቢጁ ግቢውን ዞሮ ድንገት ፍሬን ይይዛል።
ዓይንህን አትጨፍን። እኔ የመጀመሪያ ቀን ጨፍኜ
ድምፁን ብቻ ስጠብቅ፣
የሰማሁት የራሴን ጥርስ ነበር።

አንድ ነገር ቀረ። ያንን ማርከር አቀብለኝ።
ከፍሪጁ ጎን፣ ከመጥረጊያው ጥግ፣
ያቺ የምትጠርገው ብቻ በምታየው ቦታ
በአማርኛ እጽፋለሁ፦

«እህቴ፣ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ
ብሎን ይለግማል።
አሥራ ሰባት ቁልፍ ከመሳቢያው ሥር
በፕላስተር ለጥፌልሻለሁ።
ወደ ቀኝ አጥብቂው።»

«ፊሊፒን ብትሆንስ?» አልከኝ ትናንት።
እሱንም አስቤያለሁ።
ከጽሑፉ በታች ቀስት ሥዬበታለሁ።