የክርስትና ስም

ደብዳቤው ሦስት ገጽ ነው፤ አናቱ ላይ ዓርማ፣
ግርጌው ላይ የማይነበብ፣ የተጣደፈ ፊርማ።
ጥሩወርቅ ዘረጋችው፣ የጨው ዕቃውን አስነስታ፣
«እንዳለ ንገረኝ፤ አታለስልሰው» አለች በዝግታ።

ውጭው የሱ ፎልስ ጥር ነው፤ መሬቱ ብረት ሆኗል፤
አንዳርጌ ቁጥር ተለጥፎበት ተራ ይጠብቃል።
ሃያ ዓመት በማቀዝቀዣ ቤት የአሳማ ጎድን ሲበልት ኖሮ፣
አንዲት ቁራሽ ሳይቀምስ፣ ይኸው ዛሬ በሌላ ማቀዝቀዣ አድሮ።

አንቀጽ አራት።
«የወሩ መዋጮ ቢዘገይ፣ ውሉ ወዲያው አይፈርስም፤
ሠላሳ አንድ ቀን ይቆያል፤ ካለፈ ግን አይመለስም።»
ይህን ጊዜ በቋንቋቸው «ጸጋ» ብለው ይጠሩታል።
እንዴት ልተርጉመው? እፎይታ? ምሕረት? አንደበቴ ያመነታል።
ጸጋ በቀን እንደሚቆጠር ከእነሱ ነው የሰማሁት፤
ግድግዳው ላይ ካለው ወረቀት በጣቴ ቆጠርሁት።
በሃያ ዘጠነኛው ቀን ነው የሞተው።
«ዕድሜውን ሙሉ እያረፈደ፣ ይህችን እንኳ ደረሰ» አለች፤
ሣቅ ይሁን ለቅሶ ሳይለይ፣ አፏን በነጠላ ይዛ ቆየች።

«ያልተከፈለው የአንድ ወር ሂሳብ ከክፍያው ላይ ይቀነሳል።»
አርባ ሁለት ዶላር ከስድሳ። የሞተም ዕዳውን ይመልሳል።
«ሁለት ዓመት ባለፈው ውል፣ ሕመም ደብቀሃል አይባልም።»
የእሱ አምስት ዓመቱ ነው፤ ስኳሩን ማንም አያነሣም።

ከዚያ ሦስተኛው ገጽ። ድምፄ ተሰናከለ።
«በመዝገባችን የተጠቃሚዋ ስም ወለተ ሥላሴ ይላል፤
የእርስዎ መታወቂያ ግን ጥሩወርቅ ነው።
ወለተ ሥላሴ የተባለችውን ሰው የሚያውቁ ከሆነ ያሳውቁን።»

ዓይኔን ከወረቀቱ አላነሣሁም፤
ሌላ ሴት፣ ሌላ ቤት መስሎኝ፣ ምንም አላልሁም።
እንዲህ ያለ አይቻለሁ፤ የድሮ እጮኛ ስም ሳይፋቅ ቀርቶ፣
ገንዘቡ ወደ እሷ ሄዶ፣ አስከሬን በልመና ወጥቶ።

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች። ፊደላቸውን ባትለይም፣
ጣቷን ስሙ ላይ አሳረፈች። «እኔ ነኝ፤ ሌላ አይደለችም።
ስንቆርብ የሰማው ስም ነው፤ ከዚያ ወዲያ አልጠራኝም በሱ፤
አንድ ሌሊት ታምሜ ብቻ፣ ሲጸልይልኝ ሰማሁት በስሱ።»

ገባኝ። ወኪሉ ዴል፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አኑሮ፣ «ስትሞት ማን ይውሰደው?» ሲለው፣
አንዳርጌ «ስትሞት» የምትለዋን ሰምቶ፣ ፍትሐት ነው የመሰለው።
በዚያ ደጅ የዓለም ስም አይጠራም። ስለዚህ በትልልቅ ፊደል
ሰማይ የሚያውቀውን ስሟን ጻፈ፤ ያለ ስርዝ፣ ያለ ድልዝ፣ ያለ በደል።

ኩባንያው ግን ሰማይ አይደለም፤ ማስረጃ ይፈልጋል።

ማክሰኞ ባንክ ቤት ሄድን፤ ቄስ ዘሚካኤል፣ እሷና እኔ።
ማኅተም ያዧ ልጅ ጥፍሯ ሐምራዊ ነው። «ሁለቱ ስሞች የአንዲት ሴት ናቸው ብለው ይምላሉ?»
«አልምልም» አሉ ቄሱ። «አትማሉ ተብለናል።»
ልጅቷ ቅጹን ገለበጠች፤ ሕጉ ለካ ሌላም ቃል አለው፣
«አረጋግጣለሁ» የሚል። እሱን ፈረሙ።
የቀብር አስፈጻሚው ደግሞ የራሱን ወረቀት ይዞ መጣ፤
ስምንት ሺሁ በቀጥታ ለእሱ፣ የተረፈው ለእሷ።
«በየትኛው ስም ልፈርም?» አለችኝ።

መሬቱን በማሞቂያ ሁለት ቀን አቅልጠው ቆፈሩ፤
ቄሱ የሟቹን ስም ሲያነሡ፣ «ገብረ መድኅን» ብለው ሲጣሩ፣
አሥራ ሁለት ዓመት ከጎኑ ቢላ ይዤ የቆምሁት እኔ
ማንን ይሆን ብዬ ዞር አልሁ፤ ሌላ ሟች ፈለገ ዓይኔ።

ማታ የራሴን የመድን ውል ከመሳቢያ አወጣሁ፤
«ተጠቃሚ» ከሚለው ፊት የእናቴን ስም አገኘሁ።
እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመቷ።
ከሥሩ አንድ መስመር አለ፤ «ቀድማ ብትሞት፣ ተተኪ።»
ባዶ ነው።
እስክሪብቶ ይዤ ተቀምጫለሁ፤
የክርስትና ስሜን የሚያውቅ ሰው በሕይወት አለ እንዴ፣ እያልሁ እቆጥራለሁ።