ስልሳ ጊዜ በሰከንድ

ኪርያት ጋት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ፣
ሐሙስ ማታ ልጄ መጣ ከጦር ሰፈር ፈቃድ ወስዶ።
ቦርሳውን ከበር ጥሎ፣ ቡትሱን እንኳ ሳያወልቅ፣
«አባ፣ ይሄ ዊንዶውስህ አርጅቷል፤ ይውጣ ይልቅ፤
ሊኑክስ ልጫንልህ፤ ነጻ ነው፣ አያስከፍል፤
ለሸመገለ ማሽን እሱ ነው የሚቀል።»

እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ የፈታሁ፣
ጊርቦክስ ከነጥርሱ በእጄ ያገላበጥሁ፣
«አውጣው» አልሁት፤ ምን ገዶኝ?
መስኮት ቢነቀል፣ ግድግዳው የሚቆም መሰለኝ።

ዓርብ ደህና ሠራ። ሰንበትን እንደኛው አርፎ ዋለ።
እሑድ ጎሕ ሲቀድ ኢታማር ጠመንጃውን አንጠለጠለ፤
በሩ እንደተዘጋ ስክሪኑ፦
ብልጭ።
    ድርግም።
        ብልጭ አለ።

በስልሳ ስምንት ዓመቴ ማን ይጠቅሰኛልና፣
እንደ ኮረዳ ሲጠቅሰኝ ሳቅሁ። ጠቀሰኝ እንደገና።
ሳቄ ቆመ። ዓይኔ አነባ፣
የአርኖናው ሂሳብ ከፊቴ ሲወጣ ሲገባ።

መካኒክ አይደነግጥም፤ አንድ ባንድ ነው የሚጠረጥር።
ገመዱን ነቀልሁ፤ ጫፉን እፍ አልሁ፤ ሰካሁት በምር፤
ብልጭ።
ከቫዲም፣ ከአንደኛ ፎቅ፣ ሌላ ገመድ ተዋስሁ፤
እሱ በሩስኛ ዕብራይስጥ፣ እኔ በጎንደሬው አስረዳሁ፤
ድርግም።
ሶኬት ቀየርሁ። መዝጋኑን አጠፋሁ፣ በነሐሴ ሐሩር፣
ላቤ ከአፍንጫዬ ጫፍ ኪቦርዱ ላይ ሲንቆረቆር።

ከዚያ ስክሪኑን ታቅፌ እንደ ሕፃን ደረጃውን ወረድሁ፤
ከቫዲም ላፕቶፕ ጋር ገጠምነው፤ ጸጥ ብሎ ሲበራ ዐየሁ።
ኮምፒውተሩንም ከቴሌቪዥኑ፤ እሱም ጸጥ፣ አይነቀንቀው ነፋስ።
ለየብቻ ደህና ናቸው። ሲገናኙ ነው ነገር የሚፈርስ፤
እንደ አንዳንድ ባልና ሚስት፣
ሽማግሌ ቢቀመጥ ጥፋተኛ የማይገኝበት።

ልጄ ጋ ደወልሁ፤ ዝግ ነው። እዚያ ስልክ ይሰበሰባል።
መነጽሬን አድርጌ ገባሁ፤ ምናሌ ምናሌን ይወልዳል፤
ከታች፣ ጥጉ ላይ፣ አንድ ቁጥር፦ ሰባ አምስት ሄርዝ።
በሰከንድ ሰባ አምስት ጊዜ ነው ለካ
ይህን ሽማግሌ የሚያጣድፈው።

እጄ ማውሱ ላይ ቀረ።

ኡልፓን ትዝ አለኝ። መምህርት ፍኒና።
ቃሏ እንደ ዶፍ ሲወርድ፣ አንዱን ሳልይዝ ሌላው ሲመጣ፣
እኔ ዓይኔን ሳርገበግብ፣ ሳርገበግብ እንደገና፤
«ይሄ ሰውዬ ያመዋል?» ብላ ጠየቀች ጎረቤቴን።
አላመመኝም። ጆሮዬ ደህና፣ ልቤም ደህና፤
ጥድፊያዋ ነው የነሳኝ ፋታዬን።

በኋላ ጋራዥ ገባሁ። አለቃዬ ማስዑድ፣ ሲጋራ በጥርሱ ነክሶ፣
አንድ ዕቃ ያነሳልኛል፤ ስሙን ይጠራል አለስልሶ፤
«ቁልፍ።» ይጠብቃል።
«ብሎን።» ይጠብቃል።
«ዘይት።»
በሦስት ወር አፌን ፈታሁ፣ ከአውቶቡሱ ሆድ ሥር፣
ጉድጓዱ ውስጥ፣ በቅባት።

ስልሳ አልሁት።
ስክሪኑ ጠቆረ። ትንፋሼን ያዝሁ። አንዲት ሣጥን ብቅ አለች፤
«ይጽና? ወይስ ልመልሰው?»
አሥራ አምስት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ ሦስት፣ ትቆጥራለች፤
ይጽና።

ጸና።
ሻይ አፍልቼ ጠበቅሁት። ጥቅሻ የለ።
እውነት ለመናገር፣ ትንሽ ቅር አለኝ።

ሌሊት ስልኬ ጮኸ፤ «አባ፣ ኮምፒውተሩ ሠራ?»
«ቀስ ብለው ሲያናግሩት» ብዬ ጻፍሁ፤ ሌላ ምን ላውራ።

ከዚያ ነው ትዝ ያለኝ፦ አርኖናው! የመጨረሻዋ ቀን።
ገጹን ከፈትሁ። በጠራ፣ በማይነቃነቅ ፊደል
«ጊዜው አልፏል» ይላል፤
ከእኩለ ሌሊት አራት ደቂቃ።